ለቀልቤ ብዬ የዋጥሁት ኪኒን

መርፌው ጣቴን በስቶ በጥፍሬ በኩል ሲወጣ አልተሰማኝም። ያወቅሁት ነጩ የተማሪ ሸሚዝ ላይ ደም ሳይ ነው። የሌላ ሰው ደም መስሎኝ ቀና ብዬ በረንዳው ላይ ማን እንደቆሰለ ፈለግሁ። ማንም አልቆሰለም። ከዚያ ግራ እጄን ላነሣ ስል እጄ አልነሣ አለኝ፤ ከሸሚዙ ጋር የስፌት መኪናው ላይ ተሰፍቷል።

ዝማም እባላለሁ። በታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከዚያ ቀን በፊትም መርፌ ወግቶኝ ያውቃል፤ ያልተወጋ ሰፊ የለም። ሲወጋ ግን ያንገበግባል። የዚያን ቀን መዘውሩን ወደ ኋላ አዙሬ መርፌውን በገዛ እጄ ሳወጣው የሰው ጣት የያዝሁ ያህል ነበር። ሕመም ስላጣሁ ስፈራ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው የራሴን እጅና እግር ብቻ ነው። ግን እኔ የሄድሁበትን መንገድ ሌላ ሰው እየሄደበት እንደሆነ ስለማውቅ ዝም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል።

ነገሩ ከጣቴ አልጀመረም፤ ከቀልቤ ነው የጀመረው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀልብ የላትም ስባል ነው ያደግሁት። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ እዚሁ ጋይንት፣ በቤተ ልሔም በኩል የአብነት ተማሪ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የእሳቸው ተማሪዎች ያን ሁሉ ዜማ በቃላቸው ሲይዙ፣ እኔ ልጃቸው ውኃ ልቀዳ ተልኬ ጀሪካኑን ምንጩ ላይ ትቼ እመለስ ነበር። ትምህርት ቤትም "ጎበዝ ናት፣ ግን ልቧ ክፍል ውስጥ የለም" ይሉኝ ነበር። ስፌት ከተማርሁ በኋላ ለአንድ ኮት ሁለት ግራ እጅጌ ቆርጬ አውቃለሁ። አምስት ልብስ ጀምሬ አንዱንም ሳልጨርስ ገበያው ይደርስብኛል። ሰው ሲያናግረኝ አፉን እያየሁ ቃሉ ያመልጠኛል። ሰነፍ ሆኜ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ስባዝን ውዬ ደክሜ እወድቃለሁ። የደከምሁበት ነገር ግን አይታይም።

ይህን ሁሉ ችዬው ኖሬ ነበር። ያልቻልሁት ልጄ ቃልኪዳን ሁለት ዓመት በሞላት ሰሞን የሆነውን ነው። ከሰል ላይ ዘይት ጥጄ፣ ክር ገዝቼ ልመለስ ብዬ ወጣሁ። ሱቁ ውስጥ ከሰው ጋር ወሬ ጀመርሁ። ዘይቱንም ልጄንም ረሳኋቸው። ጎረቤቴ ጭሱን አይታ ሮጣ ባትገባ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም አላስበውም።

ለባለቤቴ ለአስማረ፣ ዚፕና ቁልፍ ልገዛ ነው ብዬው ደብረ ታቦር ሄድሁ፤ እውነቱ ግን የአእምሮ ሐኪም ፍለጋ ነበር። አስማረ እህል ነጋዴ ነው፣ ደግ ሰው ነው፤ ግን "ሚስቴ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄደች" የሚለው ነገር እንዴት እንደሚሰማው አላወቅሁም። ሐኪሙ ስለ ልጅነቴ ብዙ ጠየቀኝ። በመጨረሻ፣ "ይህ ስንፍናም እርግማንም አይደለም። የትኩረት ጉድለት ይባላል፤ አብሮሽ የተወለደ ነው" አለኝ። መድኃኒት አለው፣ ነገር ግን እኛ አገር ብዙ ጊዜ አይገኝም አለ። ሥራ እንዴት እንደምከፋፍል አስተምሮኝ በወሩ ተመለሺ አለኝ። አልተመለስሁም። መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ወሩ አለፈ፤ እኔም ቀጠሮውን ረሳሁት።

ስሙን ግን አልረሳሁም። ስልኬ ላይ ስፈልገው አንድ ቻናል አገኘሁ። ሰውየው ራሱን የጤና አማካሪ ነኝ ይላል። "ለትኩረት ጉድለት መድኃኒት አያስፈልግም፣ አእምሮ የሚራበው ቫይታሚን ነው፤ በሳይንስ የተረጋገጠ ሰፕልመንት አለን" ይላል። ተፈወስሁ የሚሉ ሰዎች ድምፅ ይለጥፋል። አንዷ እናት ስታለቅስ ሰምቼ አብሬ አለቀስሁ። ሦስት ጠርሙስ በመኪና ላከልኝ። አንዱ የአእምሮ ቫይታሚን ነው፣ አንዱ ማግኒዥየም ከቢ ስድስት ጋር ነው፣ አንዱ የዓሣ ዘይት ነው። ጨርቅ የማስቀምጥበት ሳጥን ሥር ደበቅኋቸው።

መጀመሪያ ሠርቶልኝ ነበር፤ ይህንን አልዋሽም። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ሸሚዝ አከታትዬ ጨረስሁ። አስማረ እንኳ፣ "ዘንድሮ ምን ሆነሽ ነው፣ እጅሽ ፈጠነ" አለኝ። ከዚያ እንደ ድሮው ሆንሁ። ለሰውየው ጻፍሁለት። "መጠኑ አንሶሽ ነው፣ እጥፍ አድርጊው" አለኝ። አይጎዳም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "ቫይታሚን እኮ ነው እህቴ። የተረፈው በሽንት ይወጣል" ብሎ መለሰልኝ። እጥፍ አደረግሁት። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ጨመርሁ። ወደ አንድ ዓመት ሊጠጋ እንዲህ ቆየሁ።

እግሬ ነው መጀመሪያ የደነዘዘው። መቀመጫው ነው፣ ብርዱ ነው እያልሁ አለፍሁት። ከዚያ መሬቱ ጥጥ ጥጥ ይለኝ ጀመር፤ ስራመድ የምረግጠው አፈር ሳይሆን የተነጠፈ ባዘቶ ይመስለኛል። ቀጥሎ ጣቶቼ። ከዚያ የነገርኋችሁ መርፌ።

በማግስቱ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ። ባለሙያው ጣቴን ጠቅልሎ፣ ስኳር መረመረኝ። ስኳር የለብሽም አለኝ።

"የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የለም" አልሁት።

ልዋሸው ብዬ አይደለም። ቫይታሚን መድኃኒት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እሱም፣ "ነርቭሽ ደክሟል" ብሎ ሁላችንም የምናውቀውን ያን ቀይ መርፌ ለተከታታይ ቀናት አዘዘልኝ፤ የነርቭ ቫይታሚን ነው ያለኝን ኪኒንም ጨመረበት። በደስታ ነው የዋጥሁት። ከሳጥኑ ሥር ካሉት ጋር አንድ ላይ።

ባሰብኝ። አንድ አርብ ቀን ከገበያ ስመለስ ሰዎች እግሬን አተኩረው ያያሉ። ደጄ ስደርስ ዝቅ ብዬ አየሁ፤ በአንድ እግሬ ጫማ የለም። በአህያና በሰው መሐል፣ በዚያ ሁሉ ጠጠር ላይ፣ ባዶ እግሬን መጥቻለሁ። መቼ እንደወለቀ አላውቅም። ተረከዜ ተሰንጥቆ ደምቷል።

በጋይንት አገር እጅና እግሩ የደነዘዘ ሰው ምን እንደሚባል የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ሥጋ ደዌ። ፊት ለፊት የነገረኝ የለም። አንዷ፣ "ችኩል ነገር ገጠመኝ" ብላ ያልተቆረጠ ጨርቋን መልሳ ወሰደች። ቀጥሎ ሌላዋ። አማቴ እኛ ዘንድ ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት መደርደሪያው ላይ የእኔ ኩባያ ብቻውን፣ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፣ ተደፍቶ አየሁት። አማቴ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ለልጅ ልጃቸው ፈርተው ነው። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄን ስስም ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ጤና ጣቢያ የሄድሁት ራሴን ተሸፋፍኜ ነው። አንዲት በዕድሜ ጠና ያለች ነርስ ተቀበለችኝ። ልብሴን አስወልቃ ገላዬን ከአናቴ እስከ እግሬ ፈተሸችው፤ በጥጥ ጫፍ እየነካካች "ይሰማሻል?" ትለኛለች። ክርኔ ላይ ያለውን ጅማት ዳበሰችው።

"ዝማም፣ ልበሺ" አለችኝ። "ሥጋ ደዌ አይደለም። ምልክቱ ሰውነትሽ ላይ የለም።"

ማልቀስ ጀመርሁ።

"ቢሆን ኖሮም በኪኒን የሚድን በሽታ ነው። ኩባያ የሚለይበት ዘመን አለፈ፤ ለቤተሰቦችሽም ንገሪያቸው። የአንቺ ግን ምን እንደሆነ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ደብረ ታቦር ሂጂ።"

ከጤና ጣቢያው ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ግን ቅለቱ ደጅ ድረስ ብቻ ነው የቆየው። ያ ካልሆነ ምንድን ነው? ስም ያለውን በሽታ ፈርቼ ነበር፤ አሁን ስም የሌለው መጣብኝ። ደብረ ታቦርም መሄድ አልተቻለም። መንገዱ ተዘግቶ መኪና አልነበረም።

በዚህ መሐል አባቴ መጡ። ስለ ኩባያው ሰምተው ኖሮ፣ እንደገቡ በእኔ ኩባያ ውኃ ቀዱና አማቴ እያዩ ጠጡ። በማግስቱ ጠበል ወሰዱኝ።

ጠበሉ ቁልቁለት ነው። ጎሕ ሳይቀድ ነበር የሄድነው፤ ጨለማ ውስጥ ደግሞ እግሬ ከእኔ ጋር አይደለም። እግሬን ካላየሁት የት እንደምረግጥ አላውቅም፤ እንደ ሰከረ ሰው እወላገድ ነበር። አባቴ ክንዴን ይዘው አወረዱኝ። ተጠምቄ ስወጣ የእሳቸው ዓይን መሬት ላይ ቀረ። ድንጋዩ ላይ የእግሬ ዱካ ሁሉ ቀይ ነበር። የአውራ ጣቴ ጥፍር ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል።

"አያምሽም?" አሉኝ።

"አያመኝም አባዬ።"

ተንበርክከው በነጠላቸው ጫፍ አሰሩልኝ። ሽበታም ራሳቸውን ቁልቁል እያየሁ አፈርሁ። ቀና ሲሉ፣ "ጠበሉን አንተወውም" አሉ፤ "ግን ሐኪም ይይሽ። መንገዱ እንደተከፈተ አንድ ቀን እንዳታድሪ። ጠበሉንም ሐኪሙንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው።"

መንገዱ ሳይከፈት ያ የማልረሳው ቀን መጣ። ልጄን ላጥባት ውኃ አሙቄ ሳፋው ውስጥ ገለበጥሁ። እናት ሁሉ እንደምታደርገው እጄን ነከርሁ። ልክ ነው፣ ለብ ብሏል። ቃልኪዳንን አንሥቼ አስገባኋት።

ጩኸቷን አልጽፈውም። አስማረ ከጓዳ ሮጦ መጥቶ ነጠቀኝ። እግሮቿ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቀልተዋል። እሱ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያፈስባት እኔ እጄን እንደገና ሳፋው ውስጥ ነክሬ ቆምሁ። ለብ ያለ ውኃ ነበር የሚመስለኝ። እጄን ሳወጣው ቆዳዬ በርበሬ መስሏል። እግዚአብሔር ይመስገን የልጄ ቁስል ሳይሆን መቅላት ብቻ ሆኖ በቀናት ውስጥ ለቀቃት። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ልጄን ብቻዬን ለመያዝ ፈራሁ። ልጄም ፈራችኝ፤ ልታጠብ ነው ብላ ስትጠረጥር አባቷ ጀርባ ትደበቃለች።

መንገዱ በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን፣ በነፋስ መውጫ በኩል ደብረ ታቦር ገባን። እዚያ ያየኝ ሐኪም ወገቤን በኤክስሬይ አይቶ፣ "ዲስክ ሊሆን ይችላል፤ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልግ ከሆነ ባሕር ዳር ይወስኑ" ብሎ ጽፎ ሰጠን። ዲስክ ማለት በጀርባ አጥንቶች መሐል ያለ ትራስ ነው፤ ሲንሸራተት ነርቭ ይጫናል። ቀዶ ጥገና የሚለውን ከሰማሁ በኋላ ሌላ አልሰማሁም። ጀርባዬ ተከፍቶ፣ እግሬ ጨርሶ ቀርቶ፣ ልጄ እየተሳበች የምትሄድ እናት ኖሯት ሳያት ነበር ባሕር ዳር የደረስነው።

የነርቭ ሐኪሟን ለማየት ሁለት ቀን ወረፋ ጠበቅን። ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ አጭር ነው፤ ሰው መሬት ላይ ነጠላ አንጥፎ ይቀመጣል። አጠገቤ ከእስቴ የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቆሎ እየዘገኑ ሲሰጡኝ ግማሹ መሬት ላይ ይፈሳል፣ እሳቸው ይስቃሉ። ሽንት ቤት ልሄድ ስነሣ ግድግዳ ስደግፍ አይተው ዱላቸውን አቀበሉኝ።

"እርስዎስ አባቴ?" አልኋቸው።

"እኔ ተቀምጫለሁ። የምትሄጂው አንቺ ነሽ።"

ሁለቱን ቀን በእሳቸው ዱላ ነው የተመላለስሁት። ሳልሰናበታቸው ተጠርተው ገቡ፤ ዱላውን ለልጃቸው ሰጠሁት። ስማቸውን አለመጠየቄ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ወረቀቱን ሳታይ እኔን ነው ያየችው። "ተነሺ፣ እግርሽን አጋጥመሽ ቁሚ" አለችኝ። ቆምሁ። "አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ።" እንደ ጨፈንሁ ወለሉ ከሥሬ ሄደ፤ አስማረ ባይዘኝ በአፍጢሜ እደፋ ነበር። ከዚያ የሚንዘር ብረት መትታ አውራ ጣቴ ላይ አሳረፈችው። እሷ ንዝረቱን ትሰማለች፤ ለእኔ ዝም ያለ ብረት ነው።

"ዲስክ አይደለም" አለች። "የወገብ ዲስክ የእጅ ጣት አያደነዝዝም። ይህ የሁለት እጅና የሁለት እግር ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሱ ነርቮች ሕመም ነው። የሚመርዛቸው ነገር አለ። ምን ትውጫለሽ?"

"ምንም።"

"ምንም አትበዪኝ። የማወፈሪያ ኪኒን፣ የእንቅልፍ፣ ቫይታሚን፣ በስልክ ታዝዞ የመጣ ነገር?"

አስማረን አየሁት። እሱ ሐኪሟን ነው የሚያየው። የያዝሁት ዘምቢል ውስጥ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ጠርሙሶች ነበሩ፤ መንገድ ላይ እንኳ ሳላቋርጥ ልወስዳቸው ይዤያቸው ነው የመጣሁት። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኋቸው። የክሊኒኩንም ኪኒን ጨመርሁ፤ ስለ ቀዩ መርፌም ነገርኋት።

ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያዞረች ጀርባቸውን አነበበች። ከእያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ስትጨርስ ወረቀቱን አሳየችን። "ቢ ስድስት፣ ቢ ስድስት፣ እዚህም ቢ ስድስት። ከዓሣ ዘይቱ በቀር ሁሉም ውስጥ አለ። ክሊኒክ የሰጠሽም ውስጥ፤ መርፌውም ውስጥ። አንቺ ደግሞ እጥፍ እጥፍ አድርገሻል። ሰውነት በቀን ከሚፈልገው በብዙ እጥፍ በላይ ነው የዋጥሽው።"

"ቫይታሚን ነው እኮ" አልኋት። "ትርፉ በሽንት ይወጣል አለኝ።"

"ጨውም ምግብ ነው፤ ወጥ ውስጥ እፍኝ ሙሉ ስትጨምሪስ? ይህኛው ሲያንስም ነርቭ ይጎዳል፣ ሲበዛም ነርቭ ይጎዳል።"

ያኔ ስለ ቀልቤ ነገርኋት። ስለ ደብረ ታቦሩ ሐኪም፣ ስለ ቻናሉ፣ ስለ ዘይቱ ጭስ። ሁሉንም፣ አስማረ እየሰማ። "በሳይንስ የተረጋገጠ ነው ብሎኝ ነበር" አልኋት።

ወረፋው ደጅ እየተጠራቀመ ተቀምጣ አስረዳችኝ፤ ለዚህ ምን ጊዜም አመሰግናታለሁ። በገባኝ መጠን እጽፈዋለሁ። ቫይታሚንን በብዛት መዋጥ ለትኩረት ጉድለት ተሞክሮ ጥቅም አልተገኘበትም፤ ጉዳት ግን ተገኝቶበታል። የዓሣ ዘይት አንዳንዱን ሰው ትንሽ ይረዳ ይሆናል፣ ብዙውን አይረዳም፤ የመድኃኒቱን ቦታ አይተካም። ብረትና ዚንክ የሚጠቅሙት ሰውነቱ ውስጥ ለጎደለበት ሰው ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መመርመር፣ ከዚያ የጎደለውን መተካት። ሳይጎድል መጨመር ሌላ በሽታ ነው።

"ታዲያ መጀመሪያ እንዴት ሠራልኝ?"

"ተስፋሽ ነው የሠራልሽ" አለች። "ተስፋ በራሱ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል። ተመራማሪዎች ለግማሹ ሰው ባዶ ኪኒን የሚሰጡት ለዚህ ነው፤ ተስፋውን ከመድኃኒቱ ለመለየት። ኪኒኑን የሸጠልሽ ሰውዬ ይህን አልለየም። የሚያለቅሱ ሰዎችን ድምፅ ነው ያሰማሽ።"

እድናለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሁሉንም ዛሬ አቁሚ፤ አብዛኛው ሰው ካቆመ በኋላ ይሻለዋል፣ ሙሉ በሙሉ ይመለስልሻል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም አለችኝ። ደግሞ አስጠነቀቀችኝ፤ ካቆምሽ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሊብስ ይችላል፣ ያኔ እንዳትደነግጪ።

ከክፍሉ ስንወጣ አስማረ ዘምቢሉን ተሸክሞ ቀደመኝ። ከሆስፒታሉ በር ውጭ ዛፍ ሥር ቆመ።

"ያ በሽታ ነው ሲሉኝ አልሸሸሁሽም" አለኝ። "እናቴ ኩባያ ስትለይ አብሬሽ ነው የተኛሁት። ለዚች ጠርሙስ ነው የፈራሽኝ?"

እስከ ጋይንት ድረስ መኪና ስወጣና ስወርድ ክንዴን ይዞኝ ነበር።

ሐኪሟ እንዳለችው ባሰብኝ። አትደንግጪ ማለት ቀላል ነው። በሦስተኛው ሳምንት ማንኪያ ከእጄ ይወድቅ ጀመር። ፊቴን ልታጠብ ዓይኔን ስጨፍን እወድቃለሁ። ተሳስታለች፣ ሌላ በሽታ ነው፣ እየሞትሁ ነው እያልሁ ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ እግሬን እያየሁ እውላለሁ። ካላየሁት የት እንዳለ አላውቅምና።

አባቴ መጥተው ያን ሰሞን አብረውን ሰነበቱ። አንድ ቀን ስለ ቀልቤ ነገርኋቸው።

"እኔም እንዳንቺ ነበርሁ" አሉኝ። "ተቀምጦ መማር አልችልም። ያልተገረፍሁበት ቀን የለም። በኋላ አንድ መምህር 'አንተ ቁጭ አትበል፣ እየዞርህ በለው' አሉኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ እየዞርሁ ነው ዜማውን የያዝሁት። አንቺን ግን እኔ ራሴ፣ ቁጭ በይ፣ ቀልብሽን ሰብስቢ እያልሁ አሳደግሁሽ።"

አባቴ ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው አይደሉም። ያን ያህል ነው ያሉት፤ በቅቶኛል።

መሻሉ የጀመረው በሕመም ነው። በሦስተኛው ወር ላይ ውስጥ እግሬ እንደ እሳት ይለበልበኝ ጀመር። ደንግጬ ወደ ሐኪሟ ደወልሁ። "ነርቭሽ እየነቃ ነው፣ ታገሺ" አለችኝ። እሳቱ ቀናትን እየፈጀ ወደ ጉንዳን መውረር፣ መውረሩ ደግሞ ወደ ብርድ ተለወጠ። አንድ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ወለሉ ቀዘቀዘኝ። እዚያው ባለሁበት ቆሜ ብርዱን ለረጅም ጊዜ ረገጥሁት። አስማረ ምን ሆንሽ ቢለኝ፣ "በረደኝ" አልሁት። ገብቶት ዞር አለ፤ እንባውን እንዳላይበት።

ዓመት ሊሞላኝ ነው። መኪናዬ ላይ ተመልሻለሁ። የግራ እግሬ ሁለት ትንንሽ ጣቶች ዛሬም አይሰሙኝም፤ ሐኪሟ እነሱ ይመለሱ እንደሆነ አላውቅም ብላኛለች። ቃልኪዳን በእኔ እጅ መታጠብ የጀመረችው በቅርቡ ነው፤ ውኃውን አስቀድሞ አባቷ ካልነካው ግን አልገባም ትላለች፤ እኔም ካልነካው አላስገባትም። ስመረመር የብረት ማነስ ተገኝቶብኝ በሐኪም ትእዛዝ ወስጄ፣ ሲሞላ አቁሚ ተብዬ አቆምሁ። በሐኪም የታዘዘልኝን የትኩረት መድኃኒት ሲገኝ እወስዳለሁ፤ ሳይገኝ ሲቀር ጠረጴዛዬ ላይ ከአንድ ልብስ በላይ አላስቀምጥም፣ እሳት ስጥድ ስልኬ እንዲጮህ እሞላለሁ፣ የደንበኛን ልክ እየቆምሁ እየተራመድሁ ነው የምይዘው። ቀልቤ ዛሬም ይሄዳል። አሁን ግን አስማረ ያውቃል፤ ሲሄድ ይጠራኛል።

ባለፈው ወር፣ በአርብ ገበያ ቀን፣ ከስማዳ ከወገዳ በኩል አንዲት ሴት መጣች። የእኔን ነገር ሰምታ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለቻት፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን ቀልብ የላትም ይሏታል። ከጉያዋ አንድ ጠርሙስ አወጣች። "አንብቢልኝ" አለችኝ።

አነበብሁላት፤ ቢ ስድስት አለበት። የደረሰብኝንም ነገርኋት፤ ጣቴን አሳየኋት። ጠርሙሱን እንደጨበጠች ሰማችኝ።

"ታዲያ ምን ልስጣት?" አለችኝ።

ስሙን የምጠራላት ኪኒን አልነበረኝም። ደሟ ይታይ፣ የጎደላት ነገር ካለ ሐኪም ይንገርሽ፣ ወደ ደብረ ታቦር ውሰጃት፣ እስከዚያው አትምቷት፣ እየተንቀሳቀሰች ታጥና አልኋት። ይህን ያህል መንገድ በእግሯ መጥታ ይህን ብቻ ይዛ ልትመለስ መሆኑን ፊቷ ላይ አየሁት።

"ይቺ ግን እየሠራችላት ነበር እኮ" አለች፤ "ሁለት ሳምንቷ ነው።"

ጠርሙሱን ስጪኝ አልኋት። መልሳ ጉያዋ ከተተችው። አመስግናኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በየአርቡ ከስማዳ የሚገቡትን ሰዎች አያለሁ። አልመጣችም። ይህን የጻፍሁት እሷ ታነበዋለች ብዬ አይደለም፤ ማንበብ አትችልም። አጠገቧ የሚያነብላት ሰው ካለ ብዬ ነው።